በቀጭኑ ሽቦ ፋንታ

ፊውዙ ሲቃጠል ድምፁ ጥይት ይመስላል። ላ ጉኣማ ሰፈር ያደገ ሰው ግን ሁለቱን አያምታታም፤ ጥይት ሲሆን ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፣ ፊውዝ ሲሆን ሁሉም ከቤቱ ይወጣል። ወጥቶም አንድ ቦታ ነው የሚያየው፤ ከኪሪኖ ሱቅ ጎን ያለውን ምሰሶ። እዚያ ላይ፣ ከግራጫው ትራንስፎርመር ከፍ ብሎ፣ ክንድ የሚያህል ቱቦ ከመያዣው ተላቆ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ቱቦው ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ ስትቀልጥ እንዲወድቅ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ማንም ከሩቅ እንዲያየው።

ከዚያ ጩኸቱ ይጀምራል።

«ቴሎ! ኧረ ቴሎ! ወደቀ!»

ኤሌውቴሪዮ ቤንኮስሜ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቴሎ የሚለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በዚያ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ምግብ ላይ ነው። ሩዙንና ቦሎቄውን ትቶ አይነሳም። በልቶ ሲጨርስ እጁን ይታጠባል፣ ጥርሱን ይጎረጉራል፣ ረጅሙን ቢጫ ዘንግ ከጣሪያው ሥር አውጥቶ በጨርቅ ይወለውላል። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ማወቁም ደስ ይለዋል። ከሩቅ ሲያዩት ቀስ ብሎ፣ ዘንጉን እንደ ጳጳስ በትር ይዞ ነበር የሚመጣው።

«ዶን ቴሎ፣ ምነው ዛሬስ በእግርህ ነው በጉልበትህ የምትሄደው? ዶሮዬ እየቀለጠ ነው!» ትለዋለች ዶኛ ኡርባና፣ ከምሰሶው ፊት ለፊት ያለችው አሮጊት።

«ዶሮ አይቀልጥም ኡርባና። በረዶው ነው የሚቀልጠው።»

«እሱን ለዶሮው ንገረው!»

ሰው ይስቃል። ቴሎ አይስቅም። ቱቦውን በዘንጉ አውርዶ የተቃጠለችውን ሽቦ ያወጣና አዲስ ይከታል፤ ያው እንደ ቀድሞዋ ቀጭን። ቱቦውን መልሶ ሲሰቅለው «ጧ» ብሎ ይገጥማል፤ የሰፈሩ ማራገቢያና ማቀዝቀዣ ሁሉ ባንድ ጊዜ ያጉረመርማል፣ ሰውም በአንድ አፍ «መብራት መጣ!» ብሎ ይጮኻል። ይህን ጩኸት ማንም አላስተማረንም። ሕፃን እንኳ «እማማ» ከማለቱ በፊት ይለዋል።

ትራንስፎርመሩ የኛ ነበር። የመብራት ኩባንያው አልሰጠንም፤ ሎተሪ አዙረን፣ ጥብስ ሸጠን፣ ራሳችን የገዛነው ነው። ያኔ ሰፈሩ ትንሽ ነበር። ቴሎ ራሱ ማኮሪስ ከተማ ሄዶ መርጦት፣ ከጭነት መኪናው ሲወርድ እንደ ሕፃን እጁን ከሥሩ አድርጎ ተቀብሎታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘንጉ በእጁ ነው፤ የሰፈሩ ጉባኤ እጅ አውጥቶ የሰጠው ሥልጣን ይሄው ብቻ ነው።

በወጣትነቱ ሸሚዝ የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። እዚያ አለቃው ሥራ እንዳይቆም ብሎ የፊውዙን ሽቦ ደርቦ አሠርቶ ነበር። ትራንስፎርመሩ ፈንድቶ በውስጡ ያለው ዘይት በእሳት ተያይዞ ሲረጭ አጠገቡ የቆመው ባልደረባው አልተረፈም። ቴሎ ስለዚያ ቀን ብዙ አያወራም። የግራ ጆሮው ጫፍ የተጨማደደ ነው፤ ሲቆጣ እሱን ይነካካል።

ጓደኛው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባለሱቁ ኪሪኖ። አብረው የካካዎ ፍሬ ሰርቀው፣ አብረው ተገርፈው ያደጉ ናቸው። የኪሪኖን ልጅ ዮካስታን ክርስትና ያነሳት ቴሎ ስለሆነ «አበልጄ» እየተባባሉ ነው የሚጠራሩት። ማታ ማታ ሱቁ ደጃፍ ላይ ዶሚኖ ሲጫወቱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ናቸው፤ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ዶሚኖ ላይ ለባልደረባህ በእጅህ ያለውን መንገር ክልክል ነው። ባልደረባህ ዓይንህን አይቶ ያውቃል። ኪሪኖና ቴሎ ለዓመታት ያላሸነፉት ሰው የለም።

ሰፈሩ ግን እያደገ ሄደ። በየጓሮው ቤት ተቀጠለ፣ በየቤቱ የውሃ መሳቢያ ሞተር ገባ። እኛ ላ ጉኣማዎች ደግሞ አንድ ልማድ አለን። መብራት ሲሄድ ማንም ምንም አያጠፋም። አምፖሉ፣ ራዲዮው፣ ማራገቢያው፣ ካውያው ሁሉ እንደበራ ይተዋል፤ አለዚያ መብራት መምጣቱ በምን ይታወቃል? የውሃው ሞተርማ ጭራሽ አይነካም። ውሃው ለሁሉም አይበቃምና መብራት ሲመጣ ቀድሞ የተነሳ ሞተር ነው ጋኑን የሚሞላው። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ሁሉም ነገር በአንዲት ቅጽበት ይነሳል። ገና ጩኸታችንን ሳንጨርስ «ጧ!» ይላል ምሰሶው። ቱቦው ይወድቃል።

ቴሎ ጉባኤ ጠራ።

«ሰዎች፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። መብራት ሲሄድ አንድ አምፖል ትታችሁ ሌላውን አጥፉ። ሲመጣ ደግሞ ቀስ በቀስ፣ በየተራ አብሩ። በቃ።»

«ማን ነው መጀመሪያ ሞተር የሚያስነሳው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«በየተራ አልኩ እኮ።»

«እኮ ተራው የማን ነው?»

«ያንተ ነው በለውና እንገላገል!» ሳቅ ሆነ።

ዶኛ ኡርባና ተነሳች። «እኔ ልጠይቅህ ዶን ቴሎ። ማራገቢያዬን ካጠፋሁ መብራት መምጣቱን ተኝቼ በምን ላውቅ ነው? አንተ መጥተህ በጆሮዬ ልትነግረኝ ነው?»

«ጆሮውማ ራሱ ተቃጥሏል፣ ይተዉት ዶኛ!»

ቴሎ ጆሮውን ነካ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስብሰባ በስድብ ነው የጨረሰው፤ ከብት አላቸው፣ ዘይቱ ሲነድ ታዩታላችሁ አላቸው። ሰው ተበታተነ። ምንም አልተለወጠም፣ ቴሎ ወደ ምሰሶው የሚመጣበት እርምጃ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይበልጥ ዘገየ።

ያን ዕለት ማታ ኪሪኖ የዶሚኖውን ድንጋይ እየበወዘ፣ «አበልጄ፣ ቆይ እስቲ፣ ወፈር ያለ ሽቦ ብታደርግበት ምን ይሆናል?» አለው። ሱቁ ውስጥ ዶሮና በረዶ የሞሉ ትልልቅ ማቀዝቀዣዎች ነበሩት። ጄኔሬተርም አለው፤ ነዳጁ ግን ያንገበግበዋል።

«ምን ይሆናል? ደስ ይልሃል።»

«እኮ!»

«ትራንስፎርመሩ የሚችለው ልክ አለው፣ ፊውዙም በሱ ልክ ነው። ልኩ ሲያልፍ ፊውዙ ይሞታል፣ ትራንስፎርመሩ ይተርፋል። አንተ ፊውዙ አይሙት ነው የምትለኝ። እሺ። እሱ ካልሞተ ማን ሊሞት ነው?»

«አንተ ደሞ! ሁሉን ነገር ወደ ለቅሶ ቤት ትወስደዋለህ።»

«ለሱቅህ ያን መቀያየሪያ የሠራሁልህ ጊዜም እንዲሁ ነበር ያልከኝ።»

እውነት ነው፣ ለኪሪኖ ጄኔሬተር ቼንጅ ኦቨር የሚባለውን መቀያየሪያ የሠራለት ቴሎ ነው። እጀታው ሦስት ቦታ ይቆማል፤ ወደ ላይ ሲሆን ሱቁ ከመስመሩ ይወስዳል፣ ወደ ታች ሲሆን ከጄኔሬተሩ፣ መሀል ላይ ሲሆን ከማንም። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሊገናኙ አይችሉም። ከፊቱ ደግሞ ጭነት ሲበዛ ወድቆ የሚቆርጥ፣ በልኩ የሆነ ብሬከር ገጥሞለታል፤ መቀያየሪያ ራሱን አይጠብቅምና።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቴሎ ናጉዋ ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ አገኘ። ሲሄድ ዘንጉን ለኪሪኖ ሰጠው፤ ከነመለዋወጫ ሽቦዎቹ። «ከወደቀ በነዚህ ብቻ ቀይር» አለው። «በነዚህ ብቻ፣ አበልጄ።»

ሲመለስ ሰፈሩ ዘፈን በዘፈን ሆኖ ጠበቀው። መብራት ሲመጣ ይቆያል፤ ቱቦው መውደቅ ትቷል። ልብስ ይተኮሳል፣ ውሃ ይሳባል፣ ቢራው ይቀዘቅዛል።

«ይኸው!» አለችው ዶኛ ኡርባና ገና ከሞተር ብስክሌቱ ሳይወርድ። «አንተ ስትሄድ እርግማኑም አብሮህ ሄደ! እባክህ ናጉዋ ተመለስ፣ ስንቅህን እኛ እንቋጥራለን።»

ቴሎ ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ። ከቱቦው ታች የምትወጣዋ የፊውዙ ሽቦ ጅራት ቀጭንና ግራጫ መሆን ነበረባት። ወፍራምና ቀይ ናት፤ ፀሐይ ሲነካት ታብለጨልጫለች። መዳብ። የቤት ሽቦ ተገፎ፣ ተደርቦ፣ ተገምዶ።

በቀጥታ ሱቁ ገባ። ኪሪኖ ሳላሚ የሚባለውን ቋሊማ ቁራጭ እየመዘነ ነበር። ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቀው።

«ማነው ያደረገው?»

«ምኑን?»

«አበልጄ፣ እኔን?»

ኪሪኖ እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ሽቦዎቹ አለቁብኝ። ባንድ ቀን ሦስቴ ወደቀ። ዶሮው ሸተተ፣ ቴሎ። ሁሉንም ወንዝ ጨመርኩት። ምን ላድርግ? አንተ የለህ።»

«አሁን አለሁ። ዘንጉን ስጠኝ።»

«የቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ሊደርስ ነው እኮ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለበዓሉ ያዘዝኩትን ዶሮ አየህ? ቢራውንስ? አሁን አውርደህ ደግሞ መውደቅ ቢጀምር… በዓሉ ይለፍ። በማግስቱ እኔ ራሴ አወርደዋለሁ። በዮካስታ እምልልሃለሁ፣ ባነሳሃት ልጅ።»

ቴሎ እዚያ ላይ እንቢ ማለት ነበረበት። ፋብሪካውን ያየ ሰው ነው። ኋላ ለሚስቱ ለኔሬይዳ እንደነገራት ግን ደክሞት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የጠላው ሰው አንድ ጓደኛ ብቻ ሲቀረው እሱንም ማጣት አይሆንለትም። ዘንጉን ይዞ ወጣ፤ ወደ ምሰሶው ግን አልሄደም። ማታ ዶሚኖ ተጫወቱ። አሸነፉ።

በዓሉ ሲቃረብ ሙቀቱ ባሰ። መድረክ ተተከለ፣ ቁም ሣጥን የሚያክሉ ድምፅ ማጉያዎች መጡ፣ እነሱም ከዚያው መስመር ተቀጠሉ። ቴሎ በየቀኑ ምሰሶው ሥር እየቆመ ያዳምጥ ጀመር። ትራንስፎርመሩ ድሮ ቀስ ብሎ ነበር የሚያንጎራጉረው፤ አሁን እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የኪሪኖ ሱቅ ቆርቆሮ ላይ ጥቁር ጠብታ አየ። ቀና ሲል ከትራንስፎርመሩ ከንፈር ዘይት እየወረደ ነው፤ ቀለሙም ተነፋፍቷል።

ሱቁ ውስጥ ገባ። ኪሪኖ በሰው ተከቦ ነበር።

«አበልጄ፣ ና ውጣና እይ።»

«ነገ! ነገ አልኩህ አይደል? አታይም ሥራ ላይ ነኝ?»

ቴሎ ቤቱ ሄዶ ዘንጉን አመጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ ያየነው ያን ቀን ነው። ድምፅ ማጉያዎቹ እየተሞከሩ ነበር፤ ሕፃናት እየጨፈሩ ነበር። ዘንጉን ሰቅሎ ቱቦውን ሳበው። ሰማያዊ እሳት ምላስ አውጥቶ ጠፋ። ዘፈኑ በግማሹ ተቆረጠ።

ሰው ወደ ምሰሶው ተመመ። ቴሎ ግን ማንንም አላየም፤ ቱቦውን አውርዶ መዳቡን ከውስጡ መዝዞ ኪሱ ከተተ። ለምን ኪሱ ከተተው? እሱ ራሱ ሲጠየቅ «አበልጄን እንዳይበሉት» ነበር መልሱ። ከዚያ ትክክለኛዋን ቀጭን ሽቦ አስገባ፤ ትራንስፎርመሩ ትንሽ ቀዝቅዞ፣ ጭነቱ ተቀንሶ ምናልባት ይተርፍ ይሆናል ብሎ። ቱቦውን ሰቀለው።

«ጧ!»

ወደቀ። ሌላ አስገባ። «ጧ!» ፊውዙ የሚናገረው ግልጽ ነበር፤ ትራንስፎርመሩ ውስጡ አልቋል፣ ሞቷል፣ ሞቶም እየነደደ ነበር። ይህን የሰማው ግን ቴሎ ብቻ ነው። የቀረነው ያየነው ሌላ ነው። መብራት ነበረ። ቴሎ ዘንግ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ መብራት የለም።

«አቃጠለው!» አለች ዶኛ ኡርባና። «አየሁት! እያየሁት ደህናውን አውርዶ አቃጠለው!»

«በቅናት ነው! እሱ በሌለበት ስለሠራ!»

«የበዓሉን ዋዜማ ጠብቆ! አንተ ሰይጣን!»

አንዱ ዘንጉን ነጠቀው። አንዱ ሸሚዙን ያዘው። ቴሎ አልታገለም። በሰው ትከሻ መሀል ኪሪኖን ፈልጎ አገኘው፤ ሱቁ በር ላይ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ። ዶሚኖ ላይ እንደሚያየው አየው። በእጄ ያለውን ታውቃለህ፣ ጣል፣ ያንተ ተራ ነው።

ኪሪኖ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። «ሰዎች፣ ሰዎች! ተረጋጉ እንጂ! ልቀቁት!»

ሰው ወደ እሱ ዞረ።

«አበልጄ ነው። ሃያ ዓመት አገልግሏችኋል» አለ ኪሪኖ። «ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ይቅር በሉት።»

ቴሎን ለቀቁት። መሬት ላይ የወደቀውን ቆብ አንስቶ አራገፈና ሄደ። ኪሱ ውስጥ መዳቡ ገና ትኩስ ነበር፤ ጭኑን እንዳቃጠለው ኔሬይዳ ኋላ አየች።

በዓሉ በሻማ አለፈ። ከዚያ በኋላም ሻማው ቀጠለ። ኩባንያው ዛሬ ነገ ሲል ወራት ሄዱ። ቴሎን ሰላም የሚለው ጠፋ፤ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲያልፉ ሴቶቹ የሕፃናቱን ዓይን መሸፈን ብቻ ነበር የቀራቸው። ሥራ የሚጠራው አልነበረም። በጨለማው ውስጥ አምፖል የሚያበራ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ጄኔሬተር ያለው የኪሪኖ ሱቅ። በረዶ የሚፈልግ እዚያ፣ ስልክ የሚሞላ እዚያ፣ ቀዝቃዛ ቢራ የሚፈልግ እዚያ። ኪሪኖ ያን ጊዜ ሱቁን በአንድ ክፍል አሰፋ።

«ተናገር!» ትለው ነበር ኔሬይዳ። «ሽቦውን ይዘህ ሱቁ ደጃፍ ቁም። ይሄ ምንድነው በል!»

«እሱ ራሱ ይናገራል።»

«መቼ? ስንሞት?»

«እኔ ከተናገርኩማ ምን ዋጋ አለው? የተከሰሰ ሰው የማይለው ምን አለ? እሱ ነው ማለት ያለበት። አንዲት ቃል ናት፣ ኔሬይዳ። ‹እኔ ነኝ› ማለት ብቻ። ኪሪኖን አውቀዋለሁ፤ ይከብደዋል እንጂ ይላታል።»

«ምን የሚከብደው አለ? እንኳን ከብዶት ወፍሯል!»

ኪሪኖ በየቀኑ ማለት ይቻላል በዮካስታ እጅ አንድ ከረጢት በረዶ ይልክላቸው ነበር። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ «የክርስትና አባቴ፣ ባርከኝ» ትላለች። ቴሎም «እግዜር ይባርክሽ ልጄ» ብሎ ይቀበላታል። በረዶውን አይጠቀምበትም። መታጠቢያው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ አጠገቡ ተቀምጦ ውሃ እስኪሆን ያየዋል። አንዳንድ ቀን ከረጢቱን ገልብጦ ውስጡን ይፈትሽ ነበር፤ ወረቀት የተጨመረ ይመስል።

በመጨረሻ ኩባንያው አዲስ ትራንስፎርመር አመጣ። ሁለት ወጣት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጡና ምሰሶው ላይ ወጡ። ሰፈሩ ሁሉ ወንበሩን አውጥቶ ከሥር ተቀመጠ። ቴሎ ግቢው ውስጥ የኔሬይዳን ሙቀጫ ይጠርብ ነበር። ዮካስታ ያለ በረዶ መጣች፤ ባርከኝ ማለትንም ረስታ።

«የክርስትና አባቴ፣ ያ የሠራኸው መቀያየሪያ ተቃጠለ። ከትናንት ጀምሮ ይሸት ነበር። አባቴ ሽቦውን አውጥቶ ጄኔሬተሩን በቀጥታ ከሱቁ ጋር አያያዘው። አሁን እየሠራ ነው። እና ደግሞ የኩባንያው ልጆች… ልጆቹ ምሰሶው ላይ ናቸው። አንተ አንድ ቀን ስለዚህ ነገር ነግረኸኝ ነበር፣ ትዝ አለኝና…»

ቴሎ መጥረቢያውን ጥሎ ሮጠ።

ነገሩ ይሄ ነው። ትራንስፎርመር ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚሠራው። ከላይ የመጣውን ብዙ ኃይል አሳንሶ ለቤት ይሰጣል፤ ከታች ደግሞ አንድ ሰው የጄኔሬተሩን ጥቂት ኃይል ከለቀቀበት አብዝቶ፣ በሺዎች አድርጎ፣ ወደ ላይ ይልካል። ላይ ያሉት ልጆች መስመሩ ሞቷል ብለው በእጃቸው ይዘውታል። መቀያየሪያው የተሠራው የጄኔሬተሩ ኃይል ወደ መስመሩ እንዳይወጣ ለመከልከል ነበር። የታችኛውን ሽቦ ለማጋጠም አንዱ ልጅ ፒንሳውን ከኪሱ እያወጣ ሳለ ቴሎ ከሱቁ ጀርባ ገብቶ ጄኔሬተሩን አጠፋ።

የሱቁ ዘፈን ተቋረጠ። ማራገቢያው እየዘገመ ቆመ።

«ደግሞ መጣ!» አለ ከደንበኞቹ አንዱ ቢራውን እንደያዘ። «መብራት አጥፊው ደግሞ መጣ! ይሄ ሰውዬ ምናችንን ነው የሚፈልገው?»

ቴሎ ለማንም አልመለሰም። ከጄኔሬተሩ የመጡትን ሽቦዎች ነቀለ፤ ከዚያ የመቀያየሪያውን ሣጥን ከፈተ። ውስጡ ቀልጧል። ለምን እንደቀለጠ ለማወቅ ብዙ ማየት አላስፈለገውም። እሱ ከፊቱ የገጠመው ብሬከር የለም፤ በቦታው እጥፍ የሚያህል ሌላ ገብቷል። ሱቁ በአንድ ክፍል ሲሰፋ ማቀዝቀዣው በዝቶ፣ ትንሹ ብሬከር ቶሎ ቶሎ እየወደቀ አስቸግሮ ይሆናል። ያው ስህተት ነው፣ በሌላ ሣጥን።

ኪሪኖ ከኋላው መጥቶ ቆሞ ነበር። ከዋዜማው ወዲህ እንዲህ ቀርበው አያውቁም።

«አስቸገረኝ» አለ ኪሪኖ። «በየሰዓቱ ይወድቅ ነበር።»

«ይወድቅ ነበር» አለ ቴሎ።

እጀታውን መሀል ላይ አቁሞ በሽቦ አሰረው። «አዲስ እስኪገባ እዚህ ይቆይ። ጄኔሬተሩን እንዳትነካ። እዚያ ላይ ያሉት የሰው ልጆች ናቸው።» ከዚያ ወደ ባንኮኒው ሄደ። ደንበኞቹ ያዩታል፤ ዮካስታ በሩ ላይ ቆማለች። ቴሎ እጁን ኪሱ ከተተና ከዋዜማው ወዲህ ከኪሱ ያልለየውን የተገመደ መዳብ አውጥቶ በሚዛኑና በሎሚ ማሰሮው መካከል አስቀመጠው። በሙቀት ጠቁሯል፤ አንድ ጫፉ ብቻ ቀይ ሆኖ ቀርቷል።

«ይሄ ያንተ ነው አበልጄ። በዓሉ አልፏል።»

ኪሪኖ ሽቦውን አየ።

«ምንድነው እሱ?» አለ ባለ ቢራው አንገቱን አስግጎ።

ኪሪኖ በሁለት እጁ የባንኮኒውን ጠርዝ ይዟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቴሎ ይጠብቃል። ፊቱ ላይ ምንም ቁጣ አልነበረም፤ ዮካስታ ኋላ ስትናገር ልመና ይመስል ነበር ብላለች። ኪሪኖ አፉን ከፈተ፣ አየር ሳበ፣ ሊናገር…

«መብራት መጣ!»

ከውጭ ነው። ከወንዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ሰፈር ሁሉ በአንድ ጉሮሮ ጮኸ። ውሃ መሳቢያዎቹ ተነሱ፣ ራዲዮዎቹ በያዙት ዘፈን ቀጠሉ፣ ዶኛ ኡርባና እያለቀሰች እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። በሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠርሙሱን እንደያዘ ወደ ውጭ ተገፋፋ። ኪሪኖም የሳበውን አየር በጩኸት አወጣው። «መብራት መጣ!» አለ፣ ከሁሉም ጋር፣ ከሁሉም በላይ፣ እንባው እየወረደ። ሽርጡን እያውለበለበ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ሮጠ።

ሱቁ ውስጥ ቴሎና ዮካስታ ብቻ ቀሩ። ልጅቱ ሽቦውን አንስታ በመዳፏ አገላበጠችው። ሞኝ አልነበረችም። የቤታቸውን ሽቦና የአባቷን አገማመድ ታውቃለች፤ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ እንዲሁ ነው የተገመደው። ቀና ብላ ቴሎን አየችው።

«አስቀምጪው» አላት። «ባርኬሻለሁ። ሂጂ ከሰው ጋር ጩኺ።»

ወጣ። ደጃፉ ላይ ሰው ሠራተኞቹን ከቦ ቢራ ያጠጣቸዋል። ኪሪኖ አንዱን ልጅ ትከሻውን አቅፎ ይስመዋል፤ ጠዋት ለነሱ አንድ ሣጥን ቀዝቃዛ ቢራ ልኮ «እንዳይወድቅ አድርጋችሁ ሥሩልን» ብሎ እንደለመናቸው ያወቅነው ኋላ ነው። ቴሎ በሰው መሀል ሲያልፍ ማንም አልነካው፣ ማንም አልሰደበው። ደስታው ረስቶት ነበር።

ምሰሶው ሥር ሲደርስ ልማዱ አሸነፈውና ቀና አለ። ረጅም ጊዜ አየ። ከአዲሱ ቱቦ ታች የምትወጣዋ ጅራት ወፍራም ናት። አልተገመደችም፣ በሥርዓት የተሠራች የፋብሪካ ሽቦ ናት፤ ግን ለሌላ፣ ለዚህ ሁለት እጥፍ ለሚሆን ትራንስፎርመር የተሠራች። እጁ ወደ ጆሮው ሄደ።

ዶኛ ኡርባና ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አየችው። ያን ቀን ሁሉንም ይቅር ማለት ፈልጋ ነበር መሰለኝ፣ በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራችው።

«እንዴት ነው ዶን ቴሎ? አንተ እንኳ ታውቀዋለህ። ደህና ነው?»

ቴሎ እጁን ከጆሮው አወረደ። ሰፈሩን አየ፤ በየመስኮቱ የበራውን፣ በየጓሮው የሚያጓራውን ሞተር ሁሉ።

«ያበራል አይደል?» አላትና ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋው።